የእቁብ ብርና ባለ ሁለት በሯ ቢኤምደብሊው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። 22 ዓመቴ ነው። ከቤተሰቦቼ ጋር በዲቪ ከመጣን አራት ዓመት ሊሞላን ነው፤ የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የምሠራው ኤርፖርት ሲሆን ሺፍቴ የሚጀምረው ሜትሮ ገና ሳይከፈት ስለሆነ እስካሁን አባቴ ነው ከእንቅልፉ እየተነሳ የሚያደርሰኝ። በወር 500 ዶላር የምንጥልበት የ20 ሰው እቁብ አለን። ባለፈው ወር ዕጣው ለእኔ ወጣና 10 ሺህ ዶላር እጄ ላይ አለ፤ ገና 12 ወር እጥላለሁ። ዋስ የሆነኝ አጎቴ ነው። አሁን ሜሪላንድ አንድ ልጅ የ2008 ቢኤምደብሊው 335አይ ኩፕ እየሸጠ ነው። ጥቁር ናት፣ ውስጧ ቀይ ቆዳ፣ ኦቶማቲክ፣ 134 ሺህ ማይል ሄዳለች። 8,900 ብሎኛል። ነዳኋት፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ መኪና አልታይህ አለኝ። ልጁ ሦስተኛ ባለቤት ነው፤ ከገዛት ሰባት ወሩ ሲሆን «ትምህርት ልጀምር ስለሆነ ነው» ይላል። አባቴ «ኮሮላ ግዛ» ከማለት ሌላ ቃል የለውም። ወደፊት ኡበርም ልሠራባት አስቤ ነበር። ምን ይመክሩኛል? ለአባቴ ሳልነግረው ገዝቼ ቤት ይዣት ብገባስ?
ባለ ኩፑ፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ ልጄ፣ መጨረሻውን አስቀድሜ ልንገርህና ምክንያቱን ቀስ ብለን እናየዋለን፤ ይህችን መኪና አትግዛት። ባለ ሁለት በር መኪና አትግዛ ማለቴ ግን አይደለም። እዚህ ላይ እኔና አባትህ እንለያያለን። በ22 ዓመቱ ኮሮላ አይቶ ልቡ የሚደነግጥ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ላቡን አፍስሶ ያጠራቀመውን ብር ደስ በሚለው ነገር ላይ ማዋል የፈለገ ወጣትን መቆጣትም አልወድም።

መኪናዋን ንቄም አይደለም። 335አይ ኩፕ አዲስ ሆና ስትሸጥ ዋጋዋ ከ40 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። ሦስት ሊትር ሞተር፣ ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ ሁለት ቱርቦ፣ 300 የፈረስ ጉልበት። ኤን54 የሚባለው ይህ ሞተር በ2007ም በ2008ም በዓለም አቀፍ ደረጃ የዓመቱ ምርጥ ሞተር ተብሎ ተሸልሟል። ነዳጁን ረገጥ ስታደርጋት ወንበሩ ላይ እንዴት እንደምታጣብቅህ አንተው ቀምሰኸዋል። የሌሊት ሥራ የሚሠራ ልጅ ያንን ቀምሶ ሌላ መኪና አልታይህ ቢለው አልፈርድበትም።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። ከ40 ሺህ በላይ ትሸጥ የነበረችው መኪና 8,900 የደረሰችው የራሷ ዋጋ ስለወደቀ ነው። የመለዋወጫዋና የሠራተኛዋ ዋጋ ግን አብሮ አልወደቀም። የውሃ ፖምፓዋ ሲበላሽ የምትገዛው የ8,900 ዶላር መኪና ፖምፓ አይደለም፣ የ40 ሺህ ዶላር መኪና ፖምፓ ነው። አባትህ «ኮሮላ» የሚለው ይህን ነገር አዲስ አበባ፣ የመኪና ዕቃ ከሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ተምሮት ስለመጣ ይመስለኛል። እዚያ መኪና ሲገዛ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዕቃዋ ይገኛል ወይ? ስንት ነው?» የሚል ነው፤ ፍጥነትና መልክ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ዲኤክስ የምንላት የድሮዋ ኮሮላ ስንት ዘመን አልፏት እስከ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ደህና ዋጋ የምታወጣው ውበቷ ተመስክሮላት አይደለም። አባትህ ምክንያቱን አላብራራልህም እንጂ ነገሩስ አልተሳሳተም።

የኤን54ን ጉድ ልንገርህ። ሻጩ አይነግርህም፣ ምናልባትም ራሱ አያውቀውም። የመጀመሪያው የከፍተኛ ግፊት ነዳጅ ፖምፓው ነው። ይህ ፖምፓ በብዙ መኪኖች ላይ ስለተበላሸ ቢኤምደብሊው በ2010 መጸው ላይ አሜሪካ ውስጥ ወደ 130 ሺህ የሚጠጉ ቱርቦ መኪኖችን ለጥገና ጠራ፤ የፖምፓውን ዋስትናም ወደ 10 ዓመት ወይም 120 ሺህ ማይል አራዘመው። ያንተዋ 2008 ናት፣ የሄደችው ደግሞ 134 ሺህ ነው። በዓመቱም በማይሉም አልፋዋለች፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ በኪስህ ነው። ምልክቱ ጠዋት ላይ ይታያል፤ ሞተሩ ቶሎ አይነሳም፣ ለጥቂት ሰኮንዶች ይሽከረከራል። ሲብስ ደግሞ መንገድ ላይ ጉልበቷ ድንገት ይጠፋና ክሩስኮቷ ላይ ቢጫ የሞተር ምልክት ይበራል። ፖምፓው ብቻውን ከነሠራተኛው ወደ ሺህ ዶላር ይጠጋል። ኢንጀክተሮቹ ስድስት ናቸው፣ እነሱም ርካሽ አይደሉም። ቱርቦዎቹ ካረጁ ወሬው ሌላ ነው፤ የዚያ ሒሳብ መኪናዋን ከገዛህበት ብር እኩሌታውን ሊበላ ይችላል።

የውሃ ፖምፓው ደግሞ በቺንጋ፣ ማለትም ሞተሩ በሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ አይዞርም፤ በኤሌክትሪክ ነው። የድሮው ዓይነት ፖምፓ ከመሞቱ በፊት ያንጠባጥባል፣ ይጮሃል፣ ምልክት ይሰጥሃል። ይሄኛው ትናንት ደህና ሠርቶ ዛሬ ዝም ይላል። ክሩስኮቱ ላይ ቀይ የሙቀት ምልክት ሲበራ «ትንሽ ልገፋና ሥራ ልድረስ» ብትል ሞተሩን ታቃጥለዋለህ፤ ወዲያው ዳር ይዘህ አጥፍተህ ጎታች መጥራት ነው ያለህ አማራጭ። ይህ የሚሆነው ሌሊት 395 አውራ ጎዳና ላይ፣ ሜትሮ ሳይከፈት፣ ሺፍትህ ሊጀምር ሃያ ደቂቃ ሲቀረው እንደሆነ አስበው። አለቃህ የጀርመን መኪና ታሪክ ሊሰማ አይቀመጥም።

የዘይቱን ነገር ደግሞ በደንብ አየው፣ ምክንያቱም በዓይንህ የምታየው ይህንን ነው። በዚህ ሞተር ላይ የዘይት ፊልትሮው የሚቀመጥበት ቤት ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽግ ጎማ) አለው። በሙቀት ብዛት ይደርቅና ዘይት ማንጠባጠብ ይጀምራል። ጠብታው የሚወርደው ደግሞ ከፊት ለፊቱ ባለው ቺንጋ ላይ ነው። ዘይት የጠጣ ቺንጋ ይላላል፣ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴም ተበጣጥሶ ክሩ ክራንኩ ፊት ባለው የዘይት ማኅተም ውስጥ ተስቦ ይገባል። በጥቂት ዶላር ጓርኒሲዮን የተጀመረ ነገር ሞተር እስከ ማስወረድ የሚደርሰው እንዲህ ነው። ሻጩ ሞተሩን አሳጥቦ አብረቅርቆ ካቆየህ ደስ አይበልህ፤ እኔ አቧራ የለበሰ ሞተር እመርጣለሁ፣ የሚያንጠባጥብበትን ቦታ አይደብቅምና። ሌላም አለ፦ ይህች መኪና ዘይት የሚለካበት ዘንግ የላትም። የዘይቱን መጠን የሚነግርህ ኮምፒውተሯ ብቻ ነው። ፋብሪካው በዚያ ዘመን ዘይት በየ15 ሺህ ማይሉ ቢቀየር ይበቃል ይል ነበር፤ ቱርቦ ላለው ሞተር ይህ በጣም ረጅም ነው። በየአምስት ስድስት ሺህ ማይሉ የተቀየረበት ደረሰኝ ከሌለ ቱርቦዎቹ ምን ሲጠጡ እንደኖሩ ማንም አያውቅም።

ስኮርታ ጎማም የላትም። አዲስ ሆና ስትወጣ የተገጠመላት ተንፍሶም ጥቂት ማይል የሚሄደው ጎማ ነበር፤ ብዙ ገዢዎች ዋጋው ሲከብዳቸው ተራ ጎማ አድርገው ይሸጧታል። ያኔ ተንፍሶ የሚሄድ ጎማም የለህም፣ ስኮርታም የለህም። ባትሪ ስትቀይር እንኳ አዲሱን ባትሪ ለኮምፒውተሯ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ቤንዚኑ ደግሞ ውዱ ነው፣ ፕሪሚየም።

ሰባት ወር የነዳት ልጅ ነገር አልተዋጠልኝም። ትምህርት የሚጀምር ሰው መኪና ሊሸጥ ይችላል፣ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እንደዚህች ያለች መኪና እጅ በእጅ ስትዞር ብዙ ጊዜ ታሪኩ አንድ ነው፤ በርካሽ ይገዛል፣ ጥቂት ወር ይፏለልባታል፣ የመጀመሪያው ትልቅ ሒሳብ ሲመጣ ወይም ሊመጣ መሆኑን መካኒኩ ሲነግረው ለቀጣዩ ያስተላልፋታል። እስቲ እንዲህ ብለህ ጠይቀው፦ «በሰባት ወር ውስጥ ምን አሠራህባት? ደረሰኙን አሳየኝ።» «ምንም አላሠራሁም፣ ችግር የላትም» ካለህ ያ መልስ አያስደስትም። በ134 ሺህ ማይል ላይ ያለች 335አይ ሰባት ወር ሙሉ ምንም ካልተሠራባት ሊሠራ የሚገባው ሁሉ አንተን እየጠበቀ ነው።

በዚህ ላይ ይህ ሞተር ለወጣቶች ፈተና ነው። ኮምፒውተሩን በትንሽ ገንዘብ ነካ ነካ አድርገው 400 የፈረስ ጉልበት ያደርሱታል። ለሽያጭ ሲቀርብ ያንን ነቅለው ወደ ድሮው ይመልሱታል፤ የደከመው ቱርቦና ካምቢዮ ግን አይመለስም። ኮፈኑን ስትከፍት የአየር ማስገቢያው የፋብሪካው ጥቁር ሳጥን ነው ወይስ ሾጣጣ ፊልትሮ የተገጠመበት ቱቦ? ሁለተኛው ከሆነ ጉዳዩ ግልጽ ነው። ጆሮም ስጣት። ሞተሩ ሞቆ በቆመበት ቆርቆሮ ውስጥ ሳንቲም የተንቀጫቀጨ የሚመስል ድምፅ ከሰማህ የቱርቦዎቹ መዝጊያ ላልቷል ማለት ነው።

134 ሺህ ማይል የሚለው ቁጥር ራሱ ብዙ አያስፈራኝም። በሥርዓት የተያዘች መኪና 200 ሺህ አልፋም ትሠራለች። የሚያስፈራኝ ቁጥሩን የሚያረጋግጥልህ አለመኖሩ ነው። የአሜሪካ ሕግ ሻጭ በታይትሉ (በባለቤትነት ሰነዱ) ላይ የማይሉን ቁጥር በፊርማው እንዲያረጋግጥ የሚያስገድደው ከ2011 ሞዴል ጀምሮ ላሉት መኪኖች እስከ 20 ዓመታቸው ድረስ ነው። 2010ና ከዚያ በፊት ያሉት አሁን ከዚህ ግዴታ ነፃ ናቸው። ያንተዋ 2008 ስለሆነች ልጁ ታይትሉ ላይ ማይል መጻፍ አይገደድም። ስለዚህ ማይሉን የምታመሳክረው ከድሮ የጥገናና የኢንስፔክሽን መዝገቦች ነው፤ የመኪና ታሪክ የሚያወጣው ካርፋክስ አንዱ መንገድ ነው፣ ብቸኛው ግን አይደለም።

አሁን እቁቡን እናንሳ። ደብዳቤህን ሳነብ ከሞተሩ ይበልጥ ያሳሰበኝ እሱ ነው። እጅህ ላይ ያለው 10 ሺህ ዶላር ግማሽ በላዩ ገና ያልሠራኸው ብር ነው። 12 ወር በ500 ስታባዛው 6 ሺህ ዶላር ነው፤ ያ የአሥራ ዘጠኝ ሰው ገንዘብ ነው። ባንክ ቢሆን ክሬዲትህ ይበላሻል፣ ከርሞ ታስተካክለዋለህ። እቁብ ላይ ግን ክፍያ ብታቋርጥ የሚከፍለው አጎትህ ነው፤ ሰብሳቢው ቤቱ ደውሎ «ልጁ ምን ነካው?» ሲለው የሚያፍረውም እሱ ነው። እስቲ ቁጥሩን አብረን እናስላው። 8,900 ከፈልክ። ቨርጂኒያ ታይትሉን በስምህ ስታዞር ከዋጋው 4.15 በመቶ ግብር ትወስዳለች፤ ይህ 370 ዶላር ገደማ ነው። ታይትልና ታግ ጨምርበት፣ የመጀመሪያውን የኢንሹራንስ ክፍያ ጨምርበት። ካወጣኸው እቁብ እጅህ ላይ ብዙ የሚቀር ነገር የለም። ከተማው በየዓመቱ የሚያስከፍለው የመኪና ግብርም ገና ይመጣል። መኪናዋ በሁለተኛው ወር ፖምፓ ብትጠይቅህ ወይ እቁቡን ታቋርጣለህ ወይ መኪናዋ ፓርኪንግ ላይ ትቆማለች፣ አባትህም እንደገና ከእንቅልፉ መነሳቱን ይቀጥላል።

ኢንሹራንሱን ከመግዛትህ በፊት ጠይቅ። የመኪናዋን መለያ ቁጥር (ቪን) ከሻጩ ተቀበልና ሁለት ሦስት ኩባንያ ጋ ደውለህ ለ22 ዓመት ልጅ፣ ባለ ቱርቦ ኩፕ፣ ስንት እንደሆነ ንገሩኝ በላቸው። ቁጥሩን ስትሰማ ብቻህን ሳቅ ይመጣብህ ይሆናል። ቨርጂኒያ ውስጥ ድሮ 500 ዶላር ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይቻል ነበር፤ ያ ከሐምሌ 2024 (እንደ አውሮፓውያን) ጀምሮ ቀርቷል። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ዝቅተኛው ሽፋን ለአንድ ተጎጂ 50 ሺህ፣ ለአንድ አደጋ 100 ሺህ፣ ለንብረት 25 ሺህ ሆኗል። ይህ ግን ሌላውን ሰው የሚክስ ነው። ዝቅተኛውን ብቻ ይዘህ ዝናብ ላይ አንሸራትታህ ከግንድ ጋር ብትገናኝ ላንተ መኪና የሚከፍል የለም፤ እቁቡ ግን ይቀጥላል።

ኡበሩን እርሳው። ኡበር ተሳፋሪ የሚጭንበትን መኪና አራት በር እንዲኖረው ይጠይቃል። ምግብ ማድረስ ከሆነ በኩፕም ይሠራል፤ ግን በውድ ቤንዚን በከተማ ትራፊክ ውስጥ ሳንድዊች እያደረስህ ስንት እንደሚተርፍህ አንተው ቁጠረው።

እንግዲህ ምን ልግዛ ትለኛለህ። ዓይንህ የወደደው የመኪናዋን ቅርጽ ከሆነ እህቷ አለችልህ፤ 328አይ ኩፕ። ቅርጿ ያው ነው፣ ከውጭ ሲያዩአት ብዙ ሰው አይለያቸውም። ሞተሯ ስድስት ሲሊንደር፣ 230 የፈረስ ጉልበት፣ ቱርቦ የላትም፣ ያ የከፍተኛ ግፊት ነዳጅ ፖምፓም የላትም። የውሃ ፖምፓዋና የዘይት ጓርኒሲዮኖቿ ግን ያው የቢኤምደብሊው ናቸው፤ ስለዚህ ከ335 የተሻለች ናት እንጂ ርካሽ ናት አልልህም። ፍጥነት ካልክ ኢንፊኒቲ ጂ37 ኩፕ አለች። ከ2008 ጀምራ የወጣች፣ 3.7 ሊትር ቪ6፣ 330 የፈረስ ጉልበት፣ ቱርቦ የሌላት ናት። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ ከፊት ሽፋኑ ኋላ ያለ የዘይት መንገድ ጓርኒሲዮን እየተቀደደ የዘይት ግፊት ይቀንስ ነበር፤ ያ መሠራቱን ጠይቅ። እሷም ፕሪሚየም ቤንዚን ነው የምትጠጣው።

የኔ ምርጫ ግን ላንተ ሆንዳ አኮርድ ኩፕ ናት። ፊትህን አታጨማድ። ከ2013 እስከ 2017 የወጣችው አኮርድ ባለ ሁለት በር ቆንጆ ናት። ባለ አራት ሲሊንደሯ 185 የፈረስ ጉልበት፣ በተራ ቤንዚን የምትሄድ፣ ቫልቮቿን ከሞተሩ ጋር የሚያቀናጀው ሰንሰለት ነው። ቪ6ቷ 278 የፈረስ ጉልበት አላት፤ እሷን ከወደድክ በሰንሰለቱ ቦታ ያለው የሞተሩ ቺንጋ መቀየሩን በደረሰኝ አረጋግጥ፣ 100 ሺህ ማይል አካባቢ ላይ የሚቀየር ነገር ስለሆነ። ስትበላሽ የትኛውም የሰፈር ጋራዥ ይሠራታል፣ ዕቃዋ በዚያው ቀን ይገኛል። ማይሏ ከቢኤምደብሊዋ ቢበልጥም አይክፋህ። ለመኪናዋ ከ8 ሺህ በላይ አታውጣ፤ የቀረውን ከግብርና ከኢንሹራንስ ተርፎ ለመጀመሪያው ብልሽት አስቀምጠው። በዚህ ዋጋ ደህና የ2013 ካላገኘህ ወር ጠብቅ፣ ሁለት ወር ጠብቅ። ልጆች መኪና ሲፈልጉ የሚያጡት ትዕግሥት ነው እንጂ መኪናማ ሞልቷል።

ይህን ሁሉ አንብበህ «ጋሼ፣ እኔ ግን እሷን ነው» ልትለኝ ትችላለህ። ያኔም ቢሆን ዓይንህን ጨፍነህ አትግባ። ለልጁ ከመሄድህ በፊት ደውለህ ሞተሩን እንዳያስነሳ ንገረው፤ ስትደርስ ኮፈኑን በእጅህ ንካው፣ ሞቆ ከጠበቀህ የሚደብቀው አለ። ሃያ ሠላሳ ዶላር የሚሸጥ፣ ኮምፒውተሯ የመዘገበውን የብልሽት ኮድ የሚያነብ መሣሪያ ይዘህ ሂድ። ኮድ የለም ብሎ መገላገል አይበቃም፤ መኪናዋ ራሷን የምትፈትሽባቸው ምርመራዎች መጠናቀቃቸውን ተመልከት። ካልተጠናቀቁ ልጁ ወይ ባትሪውን ነቅሎታል ወይ ኮዱን ትናንት አጥፍቶታል። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ እንዳለ ታውቃለህ፤ የሞተር ምልክቱ በርቶ ከሆነ ወይም ምርመራዎቹ ካልተጠናቀቁ አታልፍም፣ ችግሩም የሻጩ ሳይሆን ያንተ ነው። ታይትሉ ላይ ያለው ስም ከልጁ መታወቂያ ጋር አንድ ይሁን፣ ዕዳ የተያዘባት አለመሆኗን እይ፣ «ሳልቬጅ» (ክፉኛ የተጎዳች) ወይም «ሪቢልት» (ከጉዳት በኋላ የተሠራች) የሚል ካለበት ተነስተህ ሂድ። ቪኑን ደግሞ የፌደራሉ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገባው፣ ነፃ ነው። እንደ 335አይ ያሉት የዚያ ዘመን 3 ሲሪየሶች የታካታ ኤርባግ ጥሪ ውስጥ ነበሩ፤ እነዚያ ኤርባጎች ሲፈነዱ ብረት የሚበትኑ ናቸው። ካልተቀየረ ዲለሩ ያለ ክፍያ ይቀይረዋል፣ ስንተኛ ባለቤት እንደሆንክ አይጠይቅህም።

ከዚያ በኋላ ለምርመራ ውሰዳት። የሀበሻ መካኒኮቻችንን አከብራቸዋለሁ፤ ቶዮታና ሆንዳ ላይ የሚያህላቸው የለም። ለዚህች ግን ከጀርመን መኪና ሌላ የማይነካ ጋራዥ ነው የሚያስፈልግህ፣ ኤን54ን በድምፁ የሚያውቅ። ጥቂት መቶ ዶላር ያስከፍልሃል። ልጁ «ጋራዥ አልወስድም» ካለ መልስህን አግኝተሃል። ከወሰደና ምርመራው ጥሩ ከወጣ እንኳ ከዋጋዋ ሌላ ቢያንስ 3 ሺህ ዶላር የራስህ ጥሪት፣ መኪናዋ ጋራዥ ስትገባ ሥራ የሚያደርስህ ሌላ መንገድም ከሌለህ ይቅርብህ። እኔ እንደገባኝ ሁለቱም አሁን የሉህም። እቁቡን ከጨረስክ በኋላ፣ የሌሊቱን ሺፍት ከቀየርክ በኋላ፣ አኮርዷን ለሥራ ይዘህ ሁለተኛ መኪና አድርገህ ብትገዛት ያኔ እኔም መርቄ እልክሃለሁ።

ለአባትህ ሳይነገር ይገዛ ወይ ላልከው፣ ነገሩ ከመጀመሪያውም አይቻልም። የምትኖረው ከእሱ ጋር ስለሆነ ኢንሹራንስ ኩባንያው በአንድ ቤት ያላችሁትን ነጂዎች ሁሉ ይጠይቃል፤ ሒሳቡም ብቻህን ከምትይዘው በእሱ ውል ውስጥ ብትገባ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ስለዚህ ንገረው። «ኮሮላ አልገዛም፣ ግን ቢኤምደብሊውንም ትቻለሁ፣ አኮርድ ልናይ ነውና አብረኸኝ ሂድ» በለው። ሻጩ ፊት ብዙ አይናገርም ይሆናል፤ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩ ሥር ጎንበስ ብሎ ሲያይ ግን ሻጩ ዋጋውን ራሱ መቀነስ ይጀምራል። የሜሪላንዱን ልጅ ደግሞ ዛሬውኑ ደውለህ ተሰናበተው፤ «እያሰብኩበት ነው» እያልክ አታቆየው።